በሸሚዝ ቀለም ውስጥ የተሰወሩ አሚኖች

ለውጭ ገበያ የተሰፋ ጥቁር ሸሚዝ በእጃችን ብንይዝ ስፌቱን፣ ቁልፉንና የቀለሙን መልክ በዓይን መመርመር እንችላለን። ማቅለሚያው ሲፈርስ ምን እንደሚወጣው ግን ዓይን አይነግረንም። ከአገራችን ልብስ የሚገዛው አውሮፓዊ ነጋዴ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኢትዮጵያ «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» በተሰኘው ሥርዓት ምርቷን ወደ አውሮፓ ኅብረት ያለ ቀረጥ ታስገባለች፤ ከቀረጥ ነፃ መሆን ግን ከኬሚካል ደንብ ነፃ አያደርግም።

የነገሩን ምንነት ለመረዳት አዞ ከሚባሉት ማቅለሚያዎች እንጀምር። እነዚህ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ በብዛት ያገለግላሉ፤ መለያቸውም በድርብ ትስስር የተያያዙ ሁለት የናይትሮጅን አቶሞች ናቸው። በቆዳችን ላይና በአንጀታችን የሚኖሩ ባክቴሪያዎች እንዲሁም የጉበት ኤንዛይሞች ይህን ትስስር ሊበጥሱት ይችላሉ። ያን ጊዜ ሞለኪውሉ ለሁለት ይከፈልና አሚኖች ይወጣሉ። አብዛኞቹ አዞ ማቅለሚያዎች በዚህ አይወቀሱም፤ የሚያሰጉት እንደ ቤንዚዲን ያሉ ካንሰር አምጪ አሚኖችን የሚለቁት ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ ሬን በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሽንት ፊኛ ዕጢ ማየቱን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር። አስቀድሞ የተጎዳው ልብሱን የለበሰው ሳይሆን ቀለሙን የሠራው ሰው እንደነበረ ልብ እንበል።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ክልከላ ዛሬ «ሪች» በሚባለው ደንብ ውስጥ ይገኛል። ከቆዳ ጋር ለረጅም ጊዜ በሚነካካ ልብስ ላይ ከተዘረዘሩት 22 አሚኖች ማንኛቸውም በኪሎግራም ከ30 ሚሊግራም በላይ ሊገኙ አይገባም። ሙሉ በሙሉ ለተቀለመ 200 ግራም ጨርቅ ይህ 6 ሚሊግራም ብቻ ነው። ልኬቱ ለተቀለመው ክፍል ጭምር ስለሚሠራ፣ አንድ ጥልፍ ወይም አንድ የስፌት ክር በሸሚዙ ጠቅላላ ክብደት ሊሸፈን አይችልም።

ምርመራው በመሠረቱ የሰውነታችንን ሥራ በቤተ ሙከራ መድገም ነው። የተቆራረጠው ናሙና በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሲትሬት መፍትሔ ይዘፈዘፋል፤ ሶዲየም ዳይታዮናይት ሲጨመርበት የአዞ ትስስሩ ይበጠሳል፤ የወጡት አሚኖች ተለይተው በክሮማቶግራፊ ይለካሉ። ፖሊስተር ከሆነ ቀለሙ በክሩ ውስጥ ጠልቆ ስለሚቀመጥ አስቀድሞ በሙቅ ኦርጋኒክ ሟሚ መውጣት አለበት። ስለዚህ ናሙናውን የላከው ሰው የጨርቁን ዓይነት ቢሳሳት ንጹሕ የሚመስል ውጤት ሊያገኝ ይችላል።

ከዚህ የሚረቅ ችግርም አለ። ከ22ቱ አንዱ የሆነው 4-አሚኖአዞቤንዚን ራሱ የአዞ ትስስር ስላለው ምርመራው የሚፈልገውን ነገር ራሱ ያፈርሰዋል፤ የሚቀሩት አኒሊንና ፌኒሊንዳያሚን ብቻ ናቸው። እነርሱ ሲታዩ ለዘብ ባለ ሁኔታ ሁለተኛ ምርመራ ይደረጋል። በተቃራኒው ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ኅትመት ምንም አዞ ማቅለሚያ ሳይኖረው ከተከለከሉት አሚኖች አንዱን ሊያሳይ ይችላል። በወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ያለ ኬሚስት ዳኛ አይሆንም የምንለው ለዚህ ነው።

ክልከላው በቀለም አያበቃም። ጨርቅ እንዳይጨማደድ ከሚቀባው ሙጫ የሚለቀቀው ፎርማልዴሃይድ ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪሎግራም ከ75 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል። በፋብሪካ ማጽጃዎች ውስጥ የሚገኘው ኖኒልፌኖል ኢቶክሲሌት ደግሞ ከየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚታጠቡ ጨርቆች ላይ በኪሎግራም 100 ሚሊግራም እንዳይደርስ ታግዷል። ይህ እገዳ በዋነኛነት ለለባሹ የታሰበ አይደለም። ልብሱ በየቤቱ ሲታጠብ ወደ አውሮፓ ወንዞች የሚገባው ቅሪት ዓሦችን የሚያውክ፣ ሆርሞን መሰል ኖኒልፌኖል ስለሚሆን ነው። ጨርቁ በተቀለመበት አገር ያለው ወንዝ ግን በዚህ ደንብ አይጠበቅም። አንድ ፋብሪካ ጨርቁን ደጋግሞ በማለቅለቅ ልኬቱን ቢያሟላ፣ ኬሚካሉ የሚሄደው ወደ ራሱ ፍሳሽ ነው።

በመሆኑም ብዙ ገዢዎች ከተሰፋው ልብስ አልፈው ወደ ማቅለሚያ ክፍሉ የሚገባውን በርሜል ይጠይቃሉ። ሕጉ ተጠያቂ የሚያደርገው ዕቃውን ወደ አውሮፓ የሚያስገባውን ነጋዴ ነው፤ እርሱም ግዴታውን በውል ለፋብሪካው ያስተላልፋል። የእያንዳንዱን በርሜል መለያ ቁጥር ከተቀለመው ጨርቅ ጋር የመዘገበ ፋብሪካ፣ አንድ ናሙና ሲወድቅ የትኞቹን ልብሶች መለየት እንዳለበት ያውቃል። መዝገብ የሌለው ግን መጋዘኑን ሙሉ ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ያለ ሰነድ ከተገዛ አንድ ካርቶን ጥቁር ክር የመጣ ቢሆን እንኳ።