በወረርሽኝ ጊዜ የአካል ጉዳተኞች መብትና የነጋዴው ኀላፊነት

ንግድ ጤናና ሰላም ባለበት አገር የሚለመልም ሥራ እንደ መሆኑ መጠን፣ ወረርሽኝ በገባ ጊዜ ጉዳቱ ፈጥኖ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ ገበያ ነው። አባቶቻችን በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን አይተዋል። በእኛም ዘመን የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ የንግድ ቤቶች ሁሉ የደረሰባቸውን ችግር ክቡራን አባሎቻችን አይዘነጉትም። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታው ምክንያት ያወጀው ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል፤ ከዚያ ዘመን የተገኘው ትምህርት ግን አብሮ ሊያበቃ አይገባውም። ከትምህርቱም አንዱ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንመለከተው፣ የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ነው።

ይኸው ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ 1.3 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ፣ ማለትም ከ6 ሰዎች 1ዱ፣ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት አለበት። እንግዲህ ስለ አካል ጉዳተኞች ስንናገር ስለ ጥቂት ሰዎች መናገራችን አይደለም፤ ስለ ሸማቾቻችን፣ ስለ ሠራተኞቻችንና ስለ ሥራ ባልደረቦቻችን እንናገራለን።

መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ፣ እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ፤ በሰውና በሰው መካከል ርቀት መጠበቅና አፍና አፍንጫን መሸፈን ግዴታ ሆነ። ሥርዓቱ የሰውን ሕይወት ለማዳን የተሠራ ስለ ነበረ ተገቢነቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን ዓይነ ሥውር ሰው መንገድ የሚያገኘው የሌላውን ክንድ ይዞ፣ ዕቃውንም የሚለየው ዳስሶ ነው። መስማት የተሳነው ሰው የተናጋሪውን ከንፈር አይቶ የሚረዳውን ቃል ጭንብሉ ሸፈነበት። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰውም የጎማውን አቧራና እድፍ በእጁ ሳይነካ አንድ እርምጃ መራመድ አይችልም። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው ባለ 200 ብር ኖት ሲጨመር፣ ገንዘቡን በጣቱ የሚለይ ሰው መዳሰስ በሚያስፈራበት በዚያ ወራት አዲሱን ኖት እንደ ገና መማር ነበረበት።

ሕጉን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በ11ኛው አንቀጹ፣ አደጋና አስቸኳይ ሁኔታ በደረሰ ጊዜ የአካል ጉዳተኞች ደኅንነት እንዲጠበቅ መንግሥታትን ያስገድዳል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪውን በቀጥታ ይመለከተዋል። ይኸውም በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል፤ የሥራውን መሣሪያ፣ ሰዓትና አካባቢ ለሠራተኛው እንዲስማማ አድርጎ ማመቻቸትንም የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። ማመቻቸቱ ከድርጅቱ አቅም ጋር ሲመዛዘን ከመጠን ያለፈ ጫና የሚያስከትል እንዳይሆንም ሕጉ አስቦበታል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የምጽዋት ሳይሆን የመብት ጉዳይ ነው።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ የሚጠየቀው ወጪ ብዙ አይደለም። በዚያን ጊዜ በየሱቁ ደጃፍ የተተከለው፣ በእግር የሚረገጠው የእጅ መታጠቢያ ብልኀት ያለበት ሥራ ነበር፤ እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው ግን ከፍ ዝቅ ሳይል በእጅ ወይም በክርን የሚከፈት ሌላ ቧንቧ በአጠገቡ ሊኖር ይገባል። መሬት ላይ የተቀባው የሰልፍ ምልክት ለማያይ ሰው ምንም አይነግረውም፤ የበር ጠባቂው በቃል ሊመራው ያስፈልጋል። በግድግዳ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የሚያነብለት፣ በድምፅ ማጉያ የተነገረውንም ለማይሰማው ጽፎ የሚያሳየው አንድ ሠራተኛ ቢመደብ ነገሩ ይቀላል። ፊት ለፊቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ጭንብል ለሒሳብ ተቀባዩ መስጠት፣ ትእዛዝ በስልክ ተቀብሎ ዕቃውን ቤት ድረስ ማድረስም ይቻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ አሠሪዎች ከተፈቀደው ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከልክለው ነበር፤ ይህም ደመወዝተኛውን ጠቅሟል። በከተሞቻችን ሎተሪ እያዞሩ ወይም በመንገድ ዳር ጥቂት ዕቃ ዘርግተው የሚተዳደሩት አካል ጉዳተኞች ግን ውል የሚገቡለት አሠሪ ስለሌላቸው፣ መንገዱ ጭር ባለ ጊዜ የዕለት ገቢያቸውም አብሮ ይቋረጣል። ትላልቅ የንግድ ቤቶች ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዱን በስልክ ትእዛዝ መቀበልን በመሰለ ሥራ ቢያሰማሩ፣ በክፉ ቀን የሰው ኑሮ ይድናል፤ ድርጅቱም ታማኝ ሠራተኛ ያገኛል።

ሌላ ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። «ሳይርቅ በቅርብ፣ ሳይደርቅ በእርጥብ» እንዲሉ፣ መዘጋጀት የሚሻለው አሁን ነው። እያንዳንዱ አባል የሱቁን ደጃፍ፣ የመታጠቢያውን ከፍታና የማስታወቂያውን አጻጻፍ እንዲመለከት፣ ይልቁንም አካል ጉዳተኛ ደንበኞቹንና ሠራተኞቹን ራሳቸውን ጠርቶ ምን እንደጎደለ እንዲጠይቃቸው አደራ እንላለን።