ከአባቴ ጋር በሞተር፦ አንድ ሌሊት በሱፒሪየር ሐይቅ ዳር

ባለፈው ሐምሌ እኔና አባቴ በሁለት ሞተር ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ተነስተን፣ የሱፒሪየር ሐይቅን ዳርቻ ይዘን ግራንድ ማሬ እስከምትባል ትንሽ ከተማ ሄድን። አንድ ሌሊት አድረን ተመለስን። ስለ መንገዱ ልነግራችሁ ነው። ግን አስቀድሜ እውነቱን ልናገር፦ ይህን ጉዞ ያሰብኩት ለሐይቁ ብዬ አልነበረም። እናቴ ልካኝ ነው።

አባቴ 67 ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የግራ እጁ ጣቶች ይደነዝዙበታል። ሞተር ላይ ደግሞ ፍሪሲዮን የሚያዘው በግራ እጅ ነው፤ ማርሽ በለወጣችሁ ቁጥር፣ በቆማችሁ ቁጥር እሱን መጭመቅ አለባችሁ። እናቴ ይህን ታውቃለች። «አንቺ ንገሪው፤ አንቺን ይሰማል። ሞተሩን ይሽጠው» አለችኝ።

ችግሩ አማርኛዬ ነው። የተወለድኩት እዚሁ ሴንት ፖል ነው። አማርኛዬ «ጨው አቀብለኝ» ለማለት ይበቃል፤ አባትን «ከእንግዲህ በቃህ» ለማለት ግን አይበቃም። በእንግሊዝኛ ብነግረው ይገባዋል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ሲሆን አባቴ «ኦኬ፣ ኦኬ» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። የልቡን የሚናገረው በአማርኛ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አሰብኩ። በሄልሜታችን ውስጥ ትንሽ መነጋገሪያ አለ፤ እየነዳን ማውራት እንችላለን። ፊት ለፊት ሳንተያይ፣ ቃል ሲጠፋኝም እየፈለግኩ፣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አልኩ።

«ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳለን» አለኝ። እዚህ ለተወለዳችሁ ልተርጉምላችሁ፦ የአባቴ ጠዋት 12 ሰዓት በስልካችሁ ላይ 6 ሰዓት ነው። እናቴ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦና በፔርሙዝ ቡና ቋጠረችልን። በሚኒሶታ ሕግ 18 ዓመት የሞላውና ሙሉ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሄልሜት ለማድረግ አይገደድም፤ የዓይን መከላከያ ግን ግዴታ ነው። በእኛ ቤት ሕጉን የምታወጣው እናቴ ስለሆነች፣ ሁለታችንንም ሄልሜታችን መታሰሩን በእጇ ነክታ ነው የለቀቀችን።

ከሴንት ፖል እስከ ዱሉዝ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ብዙ የሚወራለት የለም። ዱሉዝ ስትደርሱ ግን ከኮረብታ ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከተማው፣ ወደቡና ሐይቁ በአንድ ጊዜ ከፊታችሁ ይዘረጋሉ። ሐይቁ ወደ ምሥራቅ ማዶው አይታይም።

አባቴ በጆሮዬ ውስጥ «ባሕር!» አለ።

«ሐይቅ ነው እንጂ፣ አባዬ» አልኩት።

«ታዲያ ባሕር ዳር የምን ዳር ናት?»

አባቴ ያደገው ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ያለችው በጣና ሐይቅ ዳር ነው፤ ስሟ ግን «ሐይቅ ዳር» አይደለም። ለአገሩ ሰው ትልቅ ውሃ ባሕር ነው። የሱፒሪየር አካባቢ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኦጂብዌዎችም ሐይቁን «ጊቺጋሚ» ይሉታል፤ ትልቅ ባሕር ማለት ነው። አባቴ ይህን ስነግረው በጣም ደስ አለው፤ ክርክሩን አሸነፈ።

መጠኑን ስታስቡት ደግሞ ከእሱ ጋር አለመስማማት ይከብዳል። ሱፒሪየር 82,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ከኦስትሪያ ጥቂት ብቻ ያንሳል። ጨዋማ ካልሆኑት የዓለም ሐይቆች በስፋት የሚበልጠው የለም። ጣናን ከ20 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። የጣና ጥልቀት ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የሱፒሪየር ጥልቁ ቦታ ግን 406 ሜትር ይወርዳል። ውሃው በበጋም ቀዝቃዛ ነው። በዱሉዝ ኮረብታ ላይ ላብ በላብ ነበርን፤ ታች ወደ ሐይቁ ስንወርድ ጃኬታችንን እስከ አንገት ዘጋን። «ከቆላ ደጋ በአምስት ደቂቃ» አለ አባቴ።

ዱሉዝ ላይ አንድ ነገር ሳታዩ እንዳታልፉ፤ ወለሉ ወደ ላይ የሚነሳውን ድልድይ። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ እንደ አሳንሰር የሚነሳ የሆነው ግን ከ1929 እስከ 1930 በተደረገ ለውጥ ነው። ብረት የሚጭኑት ትልልቅ መርከቦች 300 ሜትር ርዝመት አላቸው። መርከቡ ሲደርስ ጥሩንባ ይነፋል፤ ድልድዩም በጥሩንባ ይመልስለታል። አባቴ ኮፍያውን አንስቶ ለመርከቡ እጅ ነሳ። እንደ እግዜር ሰላምታ ነው፣ ሳይመለስ አይታለፍም አለኝ።

ከዚያ ሀይዌይ 61 ይጀምራል። ከዱሉዝ እስከ ቱ ሃርበርስ ሁለት መንገድ አለ፤ ፈጣኑን ትታችሁ አሮጌውን ያዙ። እሱ ውሃውን ሳይለቅ ነው የሚሄደው። ከዱሉዝ ግራንድ ማሬ 177 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባቴ ይህን ቁጥር ያውቀዋል፤ ከባሕር ዳር ጎንደር ያለው መንገድም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወጣትነቱ የግብርና ሠራተኛ ሆኖ በፎገራ ሜዳ ላይ በያማሃ ሞተር ከገበሬ ገበሬ ይዞር ነበር። «እዚያ ግን መንገዱ ከጣና ይርቃል። ሐይቁን የምታይው አልፎ አልፎ ነው። ይሄ እኮ አጠገብሽ አብሮሽ ይሄዳል» አለኝ።

እየነዳን ቃላት ያስተምረኝ ጀመር። የመታጠፊያው መብራት ፍሬቻ፣ ሻማው ካንዴላ፣ የጭሱ ቱቦ ማርሚታ። አማርኛ ተማርኩ ብዬ ደስ ሲለኝ ሳቀብኝ። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ፍሪሲዮንም እንዲሁ። መኪናውን ያመጣ ሰው ስሙንም ይዞ ይመጣል አለ። ጥሩ ሰዓት ነበር። ስለ ሞተሩ ሽያጭ ላነሳ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁ።

የጉዝቤሪን ፏፏቴ አየን፤ ቡናችንንም እዚያው ጠጣን። ጥቂት ኪሎ ሜትር እንዳለፍን የስፕሊት ሮክ መብራት ቤት አለ፤ 40 ሜትር ያህል በሚረዝም ገደል አናት ላይ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1905 በሐይቁ ላይ ከባድ ማዕበል ተነስቶ ብዙ መርከቦችን ሰባበረ፤ ከዚያ በኋላ ነው መብራት ቤቱ ተሠርቶ በ1910 የተጠናቀቀው። ያኔ መንገድ አልነበረም። ጡቡም ብረቱም በመርከብ መጥቶ በገደሉ ላይ በክሬን ተስቦ ወጣ። መብራቱ በ1969 ሥራውን አቆመ። በዓመት አንድ ማታ ግን፣ ኅዳር 10 ቀን በፈረንጆቹ፣ ይበራል። በ1975 በዚያ ቀን ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የተባለው መርከብ ከ29 ሠራተኞቹ ጋር በዚህ ሐይቅ ሰጠመ፤ መብራቱ የሚበራው ለእነሱ መታሰቢያ ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ኅዳር 1 ላይ ይውላል። አባቴ 29ኙን ቁጥር ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ከዚያ አማተበ።

የወደቀው ከዚያ ስንወጣ ነው። መብራት ቤቱን ከሩቅ ፎቶ ላነሳ ብዬ አስቆምኩት። መንገዱ ዳር ጠጠር ነበር። ፍጥነት የለውም፤ ሊቆም ነው። ፍሪሲዮኑ ከጣቶቹ አመለጠ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ግራ እግሩ ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ሞተሩ ቀስ ብሎ፣ እንደሚተኛ በሬ፣ በጎኑ ተኛ። አባቴ ምንም አልሆነም። ጉልበቱን አራገፈና «ነይ፣ ይህንንም ተማሪ» አለኝ።

ይህን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ይጠቅማል። ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሞተር በክንድ አይነሳም። መጀመሪያ ቁልፉ ይጠፋል። መሪው እስከ መጨረሻው ይጠመዘዛል። ከዚያ ጀርባችሁን ለመቀመጫው ሰጥታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ በሁለት እጅ ዝቅ ብላችሁ ትይዙታላችሁ፣ በእግራችሁ እየገፋችሁ ወደ ኋላ ትራመዳላችሁ። በሌላው ጎን እንዳይወድቅ ማዶ ሰው ይቁም። እኔ አነሳሁት፤ አባቴ ማዶ ቆመ። የግራው መስታወት ብቻ ተሰነጠቀ።

ተነስተን እንደነዳን ልቤ ገና ይመታ ነበር። የተሰማኝን ልነግረው ፈለግኩና በመነጋገሪያው «አባዬ፣ ስትወድቅ በጣም አፈርኩ» አልኩት።

መልስ የለም።

ከዚያ እስከ ግራንድ ማሬ 100 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ምናልባት ከመንገዱ ሁሉ የሚያምረው ይህ ክፍል ነው። ጫካው እስከ ውሃው ይወርዳል፣ ወንዞቹ በቀይ ጥቁር ድንጋይ መካከል እየዘለሉ ወደ ሐይቁ ይገባሉ። እኔ ግን ብዙ አላስታውስም። የማስታውሰው የአባቴን ዝምታ ነው። «ደክሞሃል?» ስለው «ደህና ነኝ» ይላል። እጁ እያመመው ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ እውነት አላት፣ ዛሬ ማታ ልንገረው አልኩ።

ግራንድ ማሬ ከመጨለሙ በፊት ገባን። አጋዘን ሲመሽ መንገድ ስለሚያቋርጥ እናንተም በጊዜ ግቡ። ያጨሱት ዓሣ ገዝተን ወደቡ አጠገብ ጠጠሩ ላይ ተቀመጥን። አባቴ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ አወጣ። በዝምታ በላን። ፀሐይ የምትጠልቀው ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ የእናንተ 9።

«እናትሽ ናት የላከችሽ?» አለኝ።

አዎ አልኩት።

«እሷስ ልክ ናት። አንቺ ግን ያፈርሽብኝ ለምንድን ነው? ሰው አላየንም። ቢያይስ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። «አላፈርኩብህም። አፈርኩ… እንዳትሞት።» ልቤን በእጄ አሳየሁት፤ እየመታ። ትንሽ ቆይቶ ገባው።

«ፈራሁ!» አለ። «ፈራሁ ነው የሚባለው!»

አፈርኩ እና ፈራሁ። ለእኔ ጆሮ አንድ ነበሩ። አባቴ ለ100 ኪሎ ሜትር ልጁ በእርጅናው ያፈረችበት መስሎት ነበር የነዳው። ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን በእጁ ጠረገ፤ ሚጥሚጣው ነው አለ። እኔም «ፈራሁ፣ ፈራሁ» እያልኩ ደጋገምኩት።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ቀለለ። ፎገራ ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይሞላ እንደነበር ነገረኝ። ሞተሩን ገበሬ ቤት አስቀምጦ በእግሩ ይሄድ ነበር። «ሽጠው ያለኝ የለም። ውሃው እስኪደርቅ ነው የምጠብቀው» አለ። የግራ እጁን ከፈተው፣ ዘጋው። «ይሄኛው ግን የሚደርቅ አይደለም።»

«ፍሪሲዮን የሌለው ሞተር አለ» አልኩት። «ስኩተር።»

«ስኩተር! ፎገራ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ቢያዩኝ ምን ይላሉ?»

«ያፍሩብሃል» አልኩት። ይህን ቃል አሁን በትክክል አውቀዋለሁ።

ጠዋት ሐይቁ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ቀዝቃዛው ውሃ ሞቃት አየር ሲያገኝ እንዲህ ይሆናል፤ መቸኮል ደግ አይደለም። ፀሐይ እስክትበረታ በተረፈው ቆሎ ቆየን። ልንነሳ ስንል «ዛሬ አንቺ ቅደሚ» አለኝ። ትናንት ሙሉ ቀን መሪው እሱ ነበር። በመስታወቴ ውስጥ አንድ መብራት እያየሁ ነዳሁ። ረጅም ዝምታ ሲሆንብኝ «አባዬ?» እላለሁ፤ «አለሁ፤ ፍሬቻሽን አጥፊ» ይለኛል።

ማታ ቤት ስንገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። መጀመሪያ ያየችው የተሰነጠቀውን መስታወት ነው። አባቴ ሄልሜቱን ሳያወልቅ ነገራት፦ ትልቁ ሞተር በመስከረም ይሸጣል፣ በምትኩ ትንሽ ስኩተር ይገዛል፣ ኅዳር ላይ ደግሞ መብራት ቤቱ ሲበራ ለማየት ሦስታችንም እንሄዳለን፤ በመኪና።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ይሽጠው ነው ያልኩሽ» አለች፤ «ይለውጠው መች አልኩ?»