ከወተት ጥርስ ሥር የሚሠራው ጥርስ

ስድስት ዓመት የሞላው ሕፃን የታችኛው የፊት ጥርሱ ተነቃንቆ ሲወልቅ፣ ወላጆች “አዲሱ አሁን ይበቅልልሃል” ይሉታል። አባባሉ ስሕተት ባይሆንም የእውነቱን ግማሽ ብቻ ይዟል። አዲሱ ጥርስ ድዱን ሰንጥቆ ብቅ የሚለው አሁን ይሁን እንጂ፣ መሠራት የጀመረው ሕፃኑ ገና የሦስት ወይም የአራት ወር ጨቅላ ሳለ ነው። ለዐይን የሚታየው ክፍሉም ድድ ውስጥ እንዳለ ተሠርቶ አልቋል። ጥርስ የሚሠራበትና ጥርስ የሚታይበት ጊዜ በዓመታት የተራራቁ ናቸው። ይህን ርቀት አለማወቅ ደግሞ፣ በኋላ እንደምንመለከተው፣ በአገራችን ልጆች ላይ ቀላል ያልሆነ ጉዳት አስከትሏል።

ለመሆኑ ጥርስ መለወጥ ለምን አስፈለገው? እጅ፣ እግርና አጥንት ከሰውነት ጋር እያደጉ ሲሄዱ ጥርስ ብቻውን ለምን አያድግም? ምክንያቱ የተሠራበት ቁስ ነው። የጥርስን የላይኛ ክፍል የሚሸፍነው ኢናሜል በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ቁሶች ሁሉ ጠንካራው ሲሆን፣ ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። የዚህ ማዕድን ቤተሰብ የሆነው አፓታይት በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 5ኛውን ደረጃ ይይዛል። አጥንት ውስጥ እያፈረሱ የሚገነቡ ሕያዋን ሕዋሳት አሉ፤ ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ግን ሥራቸውን ጨርሰው የሚጠፉት ጥርሱ ከድድ ከመውጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ የሕፃን ጥርስ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ እንደ ድንጋይ ነው፤ አይሰፋም፣ አይረዝምም። መንጋጋው እያደገ ሲሄድ ትንሹ ጥርስ በትልቅ መንጋጋ ላይ ይቀራል። ያለው መፍትሔ መተካት ብቻ ነው። ተፈጥሮ ይህን ችግር በልዩ ልዩ መንገድ ፈትታዋለች፤ ሻርክና አዞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥርስ ሲቀያይሩ ይኖራሉ፣ ዝሆን ስድስት ዙር መፍጫ ጥርሶች በተራ ያበቅላል፣ ለሰው ግን የተሰጠው ሁለት ዙር ብቻ ነው።

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። መጠንከር የሚጀምሩት ሕፃኑ በእናቱ ማሕፀን ሳለ፣ በአራተኛው የእርግዝና ወር ገደማ ሲሆን፣ ከስድስተኛው ወር እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ውስጥ በተራ ይወጣሉ። ቋሚዎቹ 32 ናቸው። ሃያዎቹ የወተቶቹን ቦታ ሲወርሱ የቀሩት ዐሥራ ሁለቱ የማንንም ቦታ ሳይወርሱ ከኋላ ይበቅላሉ። ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያው መፍጫ ጥርስ በስድስት ዓመት ገደማ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጆች ከወተት ጥርሶች አንዱ ይመስላቸዋል። ቢበሰብስም “ይወልቅ የለም እንዴ!” ተብሎ ይተዋል። ጥርሱ ግን እስከ እርጅና የሚያገለግል ነበር፤ ሌላ ተተኪም የለውም።

የወለቀ የወተት ጥርስ በእጁ ይዞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ ሥር የለውም። ሥሩ ተሰብሮ ውስጥ የቀረ የሚመስላቸው አሉ። እውነታው ሥሩ ሟሟቷል። ቋሚው ጥርስ ከሥር ወደ ላይ ሲገፋ በመካከላቸው ልዩ ሕዋሳት ይሰባሰቡና አሲድ እያመነጩ ማዕድኑን ያሟሙታል፤ ኢንዛይሞቻቸውም የቀረውን ያፈርሱታል። ሥሩ ሲያጥር የወተቱ ጥርስ መያዣ ያጣና ይነቃነቃል። ከሥሩ ተተኪ በሌለበት ጊዜ የወተት ጥርስ እስከ ጉልምስና ሳይወልቅ ሊቆይ መቻሉም ሁለቱ ጥርሶች ምን ያህል እንደተሳሰሩ ያሳያል። የወተት ጥርስ ቦታ ጠባቂም ነው። ያለጊዜው ከተነቀለ ከኋላው ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ባለቦታው ሲመጣ መግቢያ ያጣና ተጣሞ ይወጣል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የፊዚክስ መምህር ሆኖ ሳለ ስለ ጥርስ ለመጻፍ ያነሣሣው ቀጥሎ ያለው ታሪክ ነው። ኢናሜል አንዴ ከተሠራ የማይታደስ በመሆኑ፣ በተሠራበት ወቅት ሰውነት ውስጥ የነበረውን ነገር እንደ መዝገብ ይዞ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ኃያላኑ መንግሥታት የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ ስትሮንሺየም 90 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በዓለም ላይ ተበትኖ ነበር። ስትሮንሺየም በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ከካልሲየም ሥር፣ በዚያው ዓምድ የሚገኝ ስለሆነ ሰውነት አንዱን ከሌላው አጥርቶ አይለይም። ሣሩን ላም በላችው፣ ወተቱን ሰው ጠጣው፣ ስትሮንሺየሙም ከካልሲየም ጋር አጥንትና ጥርስ ውስጥ ገባ። መጠኑ በግማሽ እስኪቀንስ 29 ዓመት ያህል ይፈጃል። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ከ1958 መጨረሻ ጀምሮ ሐኪሞችና ሳይንቲስቶች ከሕዝቡ ጋር ሆነው የወለቁ የወተት ጥርሶችን መሰብሰብ ጀመሩ፤ እስከ 1970 ድረስ በግምት 300,000 ጥርሶች ተሰበሰቡ። ሥራውን ትመራ የነበረችው ሐኪም ሉዊዝ ራይስ በ1961 ያወጣችው ውጤት በጥርሶቹ ውስጥ ያለው ስትሮንሺየም 90 ከዓመት ወደ ዓመት መጨመሩን አረጋገጠ። በ1963 በአየር፣ በጠፈርና በውኃ ውስጥ የሚደረግ ሙከራን የሚከለክለው ስምምነት ሲፈረም፣ ይህ ማስረጃ ከሕዝቡ ግፊት ጋር የራሱ ድርሻ ነበረው። ልብ ማለት የሚገባው፣ በ1958 የወለቀ ጥርስ የሚናገረው ስለ 1958 ሳይሆን ባለቤቱ ስለተፀነሰበትና ስለተወለደበት ዘመን መሆኑ ነው።

ተመሳሳይ መዝገብ በእኛው ስምጥ ሸለቆ ውስጥም ይነበባል። በወንጂና በሌሎች የሸለቆው አካባቢዎች የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ኢናሜሉ በሚሠራበት ወቅት ፍሎራይድ ሲበዛ ማዕድኑ በወጉ አይሞላም፤ ጥርሱም ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ይዞ ይወጣና እየቆየ ይበልዛል። የወተት ጥርሶች በአብዛኛው በማሕፀንና በጡት ወቅት ስለሚሠሩና የእናት ጡት ወተት ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ጉዳቱ በእነርሱ ላይ ብዙም አይታይም። ስለዚህ በአምስት ዓመቱ ነጭ ጥርስ የነበረው ልጅ በስምንት ዓመቱ ቡናማ ጥርስ ያበቅላል። ያን ጊዜ ውኃውን መለወጥ ለፊት ጥርሶቹ አይደርስላቸውም፤ የአክሊላቸው ሥራ በአራትና በአምስት ዓመቱ ተጠናቋል። ውኃን ማፍላትም ለዚህ አይረዳም፤ ውኃው ተንኖ ፍሎራይዱ ስለሚቀር ክምችቱ እንዲያውም ይጨምራል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ ይከፋል። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ የሚታየው ነጣ ያለ እብጠት “ግግ” ተብሎ በስለት ወይም በጥፍር ይወጣል። የሚወጣው ትል ወይም ደዌ ሳይሆን ገና ያልበሰለው የክራንቻ ጥርስ እምቡጥ ነው። የተለመደው እምነት እንዴት ሊወለድ እንደቻለ ለመረዳት አያስቸግርም። እብጠቱ ጎልቶ የሚታየው ሕፃኑ ምግብ በሚጀምርበት፣ መዳህ በሚለማመድበትና ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ በሚከትበት ዕድሜ ነው፤ ተቅማጡን የሚያመጣው በዚህ መንገድ የሚገባው ጀርም ነው። ሁለት ነገሮች በአንድ ወቅት ስለታዩ ብቻ አንደኛው የሌላኛው መንሥኤ ነው ማለት የሳይንስ ተማሪ ሁሉ ሊጠነቀቀው የሚገባ ስሕተት ነው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው ጡት፣ ኦ.አር.ኤስ.፣ ዚንክና የጤና ባለሙያ ሲሆን፣ በንጹሕ ባልሆነ ስለት የተቀደደ ድድ ግን ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን ይጨምርበታል።

ከበሽታው ያመለጠውም ቢሆን ዕዳው አይቀርለትም። ቋሚው የክራንቻ ጥርስ መጠንከር የሚጀምረው በአራትና በአምስት ወር፣ ስለቱ ከሚያርፍበት ሥፍራ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእስራኤል የነበሩ የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችን ሲመረምሩ የወተት ክራንቻ የጎደላቸው፣ አጎራባች ጥርሶቻቸውም ቅርጻቸው የተበላሸ አግኝተው ምክንያቱን ለማወቅ ወደዚሁ ልማድ ተመልሰዋል። የላይኛው ቋሚ ክራንቻ የሚወጣው በዐሥራ አንድና በዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ጥርሱ ተበላሽቶ ቢወጣ ወይም ጨርሶ ቢቀር፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ አንዲት የግግ ማውጫ ቀንን የሚያስታውስ ወላጅ አይገኝም።