ውስጥ ገብተሽ ይህን እንዳትጠይቂ

ስሜ ይቆይና፣ የውጭ ጉዲፈቻ በደራበት ዘመን ልደታ ፍርድ ቤት ኮሪደር ላይ ከማይጠፉት አስተርጓሚዎች አንዱ ነበርኩ። ስለዚያ ጊዜ ሲወራ ሰው የሚያነሳው ደላላውንና ዶላሩን ነው። እነሱም ነበሩ። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 183፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል። አሜሪካ ላይ ደግሞ ጉዲፈቻው ሲጸድቅ የወላጅ መብት ያከትማል። ልጃቸውን የሚሰጡት እናቶች ሕግ ባያነቡም የሚያውቁት የአገራቸውን ነው፤ ልጅ ይሰጣል፣ ተምሮ ይመጣል። እናም ወረፋ ስትጠብቅ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ "መቼ ነው የሚመጣልኝ?" የምትል አትጠፋም። የጉዲፈቻ ድርጅቱ ጉዳይ አስፈጻሚ ጠጋ ይልና፣ "እህቴ፣ ውስጥ ገብተሽ ይህን እንዳትጠይቂ፤ ፋይሉ ይመለስብናል" ይላታል። ዳኛው "በፈቃድሽ ነው?" ሲሏት "አዎ ጌታዬ" ትላለች። አልዋሸችም። ምን መስሏት እንደፈቀደች ግን የጠየቃት የለም።

መዝገቡን ብታገላብጡት ስለ አሳዳጊዎቹ የቀረ ነገር አታገኙም፦ የገቢ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ ከወንጀል ነፃ ስለመሆናቸው የፖሊስ ደብዳቤ፣ የመኝታ ክፍላቸው ብዛት ሳይቀር። የእናትየዋ ብዙ ጊዜ አንድ ገጽ ነው፤ ግርጌው ላይ አሻራ። ሕጉ ራሱ መንግሥት አጣርቶ አስተያየት እንዲሰጥ ያዘዘው ስለ ተቀባዩ ነበር፤ ስለ ሰጪዋ መረዳት አላሰበም።

መጋቢት 2003 ይህን አስተያየት ይሰጥ የነበረው ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ያይ የነበረውን ፋይል ወደ 5 ሲያወርደው ኮሪደሩ ጭር አለ። ጥር 1 ቀን 2010 ፓርላማው የውጭውን ጨርሶ ዘጋው፤ የቀረው የሀገር ውስጡ ነው።

የክትትል ሪፖርቱ ግን አላበቃም። ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ፎቶና ሪፖርት በየዓመቱ ሊልኩ አሳዳጊዎቹ ግዴታ ገብተዋል። የልደት ኬክ፣ ብስክሌት፣ በረዶ ላይ የተነሳው ፎቶ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይመጣል። ይህ ሪፖርት እንዳለ እንኳ የማያውቁ እናቶች ሞልተዋል።

አሁን ልጆቹ አድገው እየመጡ ነው፤ ቤተሰባቸውን ፍለጋ። አንድ ነገር ላንሾካሹክላቸው፦ ወደ ድርጅቱ አትሩጡ፣ ብዙዎቹ ፈርሰዋል። አሳዳጊዎቻችሁ እጅ ያለውን የፍርድ ቤት ውሳኔ ውሰዱና የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ትርጉሙን ተዉት፣ ስም የሚጣመመው እሱ ላይ ነው፤ አማርኛውን ለሚያነብ ሰው ስጡ።