ፎር ዊሏ ቤንዚን የምትበላው በፎር ዊሉ ብቻ ነው?

«በሊትር ስንት ትሄድልሃለች?» መኪና ያለው ሁሉ የሚጠየቀው ነው። ኦል ዊል ድራይቭ የቤተሰብ መኪና የገዛ ሰው ግን ሲመልስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «12 ትሄዳለች» ተብሎ ገዝቷት፣ ከአያት ቦሌ ሲመላለስባት ከ8 አላልፍ አለችው እንበል።

በብር እንየው። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ በ12 ሂሳብ 2.5 ሊትር፣ በ8 ሂሳብ 3.75 ሊትር ታቃጥላላችሁ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በወጣው የ101 ብር ከ47 ሳንቲም ዋጋ እንኳ ልዩነቱ በ26 የሥራ ቀን ወደ 3,300 ብር ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዋጋው ጨምሯል። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ፣ ብዙ ሰው ያለችውን ይዞ መቆየቱ አይቀርም። ታዲያ 4ቱ ኪሎ ሜትር የት ገቡ?

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፎር ዊሉ ነው። ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚወስደው ካርዳንና የኋላው ዲፈረንሻል ክብደት ይጨምራሉ፤ የሚሽከረከር ብረትም ይበዛል። ግን አብዛኞቹ አዳዲስ የቤተሰብ መኪኖች ደልዳላ መንገድ ላይ በፊት ጎማ ነው የሚሄዱት። የኋላው የሚያግዘው ጎማ ሲንሸራተት ወይም ከቆሙበት ሲነሱ ነው። አንዱ ሞዴል በሁለቱም ዓይነት ሲለካ ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ከ4ቱ ቢበዛ አንዱን አገኘን። (በእጅ የሚገባ ፎር ዊል ያላቸው የድሮ መኪኖች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ደረቅ አስፋልት ላይ አስገብቶ መንዳት ቤንዚንም ያስበላል፣ ዕቃም ይሰብራል።)

«ከፍታው ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቤንዚን ግን የግድ አይጨምርም፤ የመኪናዋ ኮምፒውተር የሚገባውን አየር ለክቶ ቤንዚኑንም ያሳንሳል። የከፍታ ወቀሳ በትክክል የሚሠራው ለካርቡሬተር መኪኖች ነው። በአዳዲሶቹ ላይ የሚያስበላው «አልሳብ አለች» ብለን ፔዳሉን የሚረግጠው እግራችን ነው።

ትልቁ ሌባ መንገዱ ነው። መገናኛ ጋ ሞተር አስነስታችሁ ስትቆሙ በሊትር የምትሄዱት ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው። የቆመ ሞተር፣ በተለይ ኤሲ ከተከፈተ፣ በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ያቃጥላል። በቀን 40 ደቂቃ ብትቆሙ 0.6 ሊትር አለፈ፤ ከላይ ካየነው የ1.25 ሊትር ልዩነት ግማሹ ማለት ነው። በዚያ ላይ መኪናዋ ከባድ ስለሆነች፣ ሃያ ሜትር ሄዳችሁ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር የከፈላችሁበት ጉልበት ፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። የፎር ዊሉ ክብደት በደንብ የሚሰማውም እዚህ ነው።

«12» የተባለውስ ከየት መጣ? እንዲህ ያለው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ጎማዎቹ ሮለር ላይ እየተሽከረከሩ ነው። የአውሮፓው የድሮ መለኪያ በጣም ለጋስ ስለነበር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በጠበቀ መለኪያ መተካት ጀምሯል። ያገለገለች መኪና ወረቀት ላይ የምታዩት የድሮውን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከመናደዳችሁ በፊት ራሳችሁ ለኩ። ፉል አስሞሉና ትሪፑን ዜሮ አድርጉ። አንድ ሳምንት ነድታችሁ እንደገና ፉል አስሞሉ፣ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር አሁን ለገባው ሊትር አካፍሉ። ሊትሩን ባታዩት በቴሌብር የከፈላችሁት ስልካችሁ ላይ አለ፤ ለሊትሩ ዋጋ ማካፈል ብቻ ነው። ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን ብዙ አትመኑት፣ ራሱን ማሞገስ ይወዳል።

ጎማንም እዩ። ጎሚስታው በግምት እንዳይነፋላችሁ፣ ትክክለኛው ልክ የሾፌሩ በር ጋ ተለጥፏል። ንፋሱ በ10 ፒኤስአይ ቢያንስ የሚያስበላው 2 በመቶ ገደማ ነው። ኦል ዊል ላይ የሚብሰው ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ጎማ ማድረግ ነው፤ ዙራቸው ስለሚለያይ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ያለ እረፍት ይሠራል፣ ሲቃጠል ደግሞ ከአራት ጎማ በላይ ያስወጣል።

8 ቁጥር ራሷ ለቦሌ መንገድ አታስደነግጥም። የሚያስደነግጠው 8 ስትሄድ የነበረች መኪና በአንድ ወር ውስጥ 6 ስትል ነው። ያኔ የያዘ ፍሬን፣ ያረጀ ካንዴላ ወይም የተበላሸ ኦክስጅን ሴንሰር ሊሆን ስለሚችል፣ የለካችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ጋራዥ ሂዱ።