የሜክቲዛን በር

በኡካ፣ በመቱና በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች ዙሪያ ባሉ መንደሮች፣ የቁመት መለኪያ ዘንግ የያዘ ሰው ደጅ ሲደርስ ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሜክቲዛን ኪኒን ሊታደል ነው። ኪኒኑ የሚታደልለት በሽታ ኦንኮሰርኪያሲስ ይባላል። አስተላላፊው ጥቁር ዝንብ የሚራባው በፈጣን ወራጅ ውሃ ነው፤ አካባቢው ደግሞ የወንዝ ድሃ አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው ትል የሚወልዳቸው ጥቃቅን እጮች በቆዳ ሥር ሲርመሰመሱ እከኩ እንቅልፍ ይነሳል፤ ዓይን ከደረሱም ሊያሳውሩ ይችላሉ።

ሜርክ ኩባንያ መድኃኒቱን በነጻ ለመስጠት ቃል የገባው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ኪኒኑ የትሉን የትኛውን ክፍል እንደሚመታ ግን ቁርጡ ገና አልታወቀም ነበር። በ1994 ዶሪስ ከሊና የሜርክ ባልደረቦቿ መልሱን ያገኙት በእንቁራሪት እንቁላል ነው።

ከአንዲት ትንሽ የአፈር ትል የተገኘ አርኤንኤ በእንቁላሉ ውስጥ በመርፌ ይከተታል። አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የሚሰፋው እንቁላል በቀናት ውስጥ የትሏን ፕሮቲን ሠርቶ ሽፋኑ ላይ ይተክላል። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን የመስታወት ኤሌክትሮዶች ይሰካሉ፤ አንዱ ቮልቴጁን ያነባል፣ ሌላው ቮልቴጁ ንቅንቅ እንዳይል ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ፕሮቲኑ ቻናል ነው፤ በሽፋኑ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ በር። ቻናሉ ተከፍቶ ክሎራይድ አሉታዊ ቻርጁን ይዞ ሲያልፍ ቮልቴጁን ሊለውጥ ይታገላል። እሱን ለመግታት የሚጨመረው ኤሌክትሪክ ራሱ የቻናሉ ሥራ ልክ ነው። ማንም በዓይኑ ያላየው በር በዚህ መንገድ ይለካል፤ ለእኔ ከሳይንስ ውብ ዘዴዎች አንዱ ነው።

ያለፈው ሶዲየም ቢሆንስ? በውጭ ያለውን ክሎራይድ ይቀንሱታል። ፍሰቱ ዜሮ የሚሆንበት ቮልቴጅ ለውጡን ተከትሎ ከተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ይቆማል።

የነርቭ መልእክት አስተላላፊው ግሉታሜት ሲጨመር ቻናሉ ወዲያው ተከፈተ፣ ሲታጠብም ተዘጋ። በሜክቲዛን ኪኒን ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ ሲጨመር ግን ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ቢታጠብም አልዘጋ አለ። በትል ነርቭና ጡንቻ ላይ እንዲህ ሲሆን ውጤቱ ሽባነት ነው። በግሉታሜት የሚከፈት የክሎራይድ ቻናል በሰው አካል የለም፤ ኪኒኑ በየደጃፉ ሊታደል ከቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

አዋቂውን ትል ግን አይገድለውም። ትሉ ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል እደላው ለዓመታት ይደጋገማል፤ አዲስ መድኃኒት ፍለጋውም አልቆመም። ሺህ ኬሚካል በእንቁላል አንድ በአንድ መፈተን አያዋጣም። ስለዚህ ቻናሉን በያዙ ሴሎች ውስጥ ቢጫ የሚያበራ ፕሮቲን አኑረው ከውጭ አዮዳይድ ይጨምራሉ። አዮዳይድ በክሎራይድ ቻናል ሾልኮ ሲገባ ቢጫው ይደበዝዛል፤ ክፍት ቻናል በበዛ ቁጥር ድብዘዛው ይፈጥናል። ከዚህ ወንፊት የሚተርፉት ጥቂት ኬሚካሎች በኤሌክትሮድ እንደገና ይፈተናሉ።