ነርስ ለመሆን ምን ማወቅ ያስፈልጋል?

ባለፈው ክረምት የስምንት ወር ሕፃን የሆነው ወንድሜ ብርቱ ሳል ይዞት ከእናቴ ጋራ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ልብሱን ገልጣ ደረቱን እየተመለከተች ሰዓቷን ይዛ ዝም አለች። እናቴ ትዕግሥት አጥታ፥ «ምነው ልጄ፥ መድኃኒቱን ቶሎ አትሰጪውም ወይ?» ብትላት በእጇ ምልክት ዝም አሰኘቻት፤ ደቂቃው ሲሞላም «ሃምሳ ስምንት» ብላ ጻፈች። የሳምባ ምች ነው ተብሎ መድኃኒቱ የተጀመረለት ከዚህ በኋላ ነው።

እኔ ነርስነት መርፌ መውጋት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ዩኒቨርሲቲ ብገባ ይህንኑ ለመማር ስላሰብሁ፥ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ጥቂት ለመግለጽ እወዳለሁ።

ነርሷ የቈጠረችው ትንፋሽ ነው። የሚያስል ሕፃን ዕድሜው ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ሲሆን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ሲሆን ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ የሳምባ ምች ይጠረጠራል። የሕፃን ትንፋሽ አንድ ጊዜ ፈጠን፥ አንድ ጊዜ ዝግ ስለሚል ቈጠራው ሙሉ ደቂቃ መሆን አለበት፤ በሩብ ደቂቃ ቈጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። ሕፃኑ የሚያለቅስ ከሆነም እስኪረጋ መጠበቅ ግድ ነው።

ቀጥሎ ሒሳብ አለ። የታዘዘው 250 ሚሊግራም ቢሆንና ጠርሙሱ ላይ «በ5 ሚሊሊትር 125 ሚሊግራም» የሚል ቢጻፍ የሚሰጠው 10 ሚሊሊትር ነው። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት መጠኑ ዐሥር እጥፍ ይሆናል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ይህ ለምን ይጠቅመናል?» እያልን የምናጕረመርም (እኔም አንዱ ነኝ) መልሱን ከዚህ እናገኛለን። ስለዚህ ተማሪዎቹ መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት አምስት ነገር እንዲያረጋግጡ ይማራሉ፤ ይኸውም በሽተኛው፥ መድኃኒቱ፥ መጠኑ፥ አሰጣጡና ሰዓቱ ትክክል መሆናቸውን ነው።

ንግግርም ይማራሉ ቢሉኝ መጀመሪያ ሥቄ ነበር። ነገር ግን ያች ነርስ እናቴን «እስቲ እንዴት እንደሚሰጡት ይንገሩኝ» ብላ ስታስደግማት፥ እናቴ በቀን ሁለት ጊዜ የተባለውን ሦስት ጊዜ ብላ ተሳሳተች። ባትጠየቅ ኖሮ ማንም አያርማትም ነበር።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤቷን ካቋቋመች ወዲህ ነርስነት በሥርዓት የሚማሩት ሙያ ሆነ። ከአገራችንም ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በእንግሊዝ አገር ይህንኑ ሙያ ተምረዋል።

አባቴ እስከ ዛሬ «ሐኪም ሁን እንጂ፤ ነርስነት ለወንድ ልጅ ምን ይሆነዋል?» ይለኛል። እኔም መልስ አልሰጠሁትም። ወንድሜ ሲተኛ ግን ሰዓት ይዤ ትንፋሹን መቍጠር ለምጃለሁ፤ ትናንት ማታ 34 ነበር።